ዝናብ ያልጣለበት ቀን

በጣሊያን ጊዜ ባለቤቴ መተማ ላይ ለመንገድ ሥራ ተገዶ ከጓንግ ወንዝ ድንጋይ ያወጣ ነበር። ግንቦት ስለነበር ወንዙ ደርቆ አሸዋው እግር ያቃጥላል።

ጣሊያኖቹ ካምፓቸው ውስጥ የአየሩን ነገር የሚያወራ ሬዲዮ ነበራቸው። የካምፑ ሹም የሰማውን አስተርጓሚው ጠዋት ጠዋት ለሠራተኛው ይናገራል። ያን ዕለት፣ «በጣና ዳርና በደጋው አልፎ አልፎ ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ ይጥላል፤ እዚህ ሐሩር ብቻ ነው፤ ሥራ አይቆምም» አለ። ደጋ የዘነበው ወደኛ እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። እምቢ ያለ ግን በጅራፍ ይገረፋል።

ቀትር ላይ ምሳውን ይዤለት ሄድኩ።

«ጥላው ሥር ጠብቂኝ፤ ይችን ድንጋይ አውጥቼ መጣሁ» አለኝ።

ዳር ካለው ዛፍ ስደርስ ከወደ ላይ ከብት ሲጋልብ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ደራሽ ውሃ ግንድ እየገፋ ይመጣል።

«ውጣ! ውጣልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ድንጋዩን ጥሎ ሲሮጥ አየሁት። ከዚያ በኋላ ያየሁት ድፍርስ ውሃ ብቻ ነው። ከራሳችን በላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐዩ ይፋጅ ነበር።

እስከ ሱዳን ወሰን ድረስ ፈልገን ሬሳውን አጣነው። ሹሙ ፊት ቆሜ ሳለቅስ በአስተርጓሚው አፍ፣ «የነገርናችሁ ልክ ነው፤ እዚህ ጠብታ አልወረደም» አለኝ።

ለቅሶው ሳይነሳ መጥተው በባለቤቴ ፈንታ ታናሽ ወንድሙን ወሰዱት።