አክስቴ ከተማ ስትመርጥ

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አክስቴ በላይነሽ ባሏን ከቀበረች ወዲህ አዋሳ ፋብሪካ የሚሠራው ልጇ ታደሰ «ብቻሽን አዲስ አበባ ምን ትሠሪያለሽ? ነይና አብረን እንኑር» እያለ ይወተውታታል። እሷ ግን በሰው አገር ቀባሪ አጥቶ መቅረትን ትፈራለች። «ሳልነግረው ከተማውን በዓይኔ ልየው፤ አንቺም ተከተይኝ» አለችኝ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣንና ጎህ ሲቀድ ከአውቶቡስ ተራ ተነሣን።

ሞጆ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን፤ ዝዋይ ላይ ምሳ በላን። ሻሸመኔን አልፈን ሐይቁ ብልጭ ሲል፣ ሁላችንም አንገታችንን ወደ መስኮቱ አሰገግን።

ማደሪያ ፍለጋ

አዋሳ ያኔ የጋሪ ከተማ ነበረች። መንገዷ ሜዳ፣ ግራ ቀኙ ጥላ። የተሳፈርንበት ባለጋሪ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው።

«ንጹሕ አልቤርጎ ያድርሱን፤ ከፋብሪካ ሠራተኞቹ ሰፈር ያልራቀ» አለቻቸው አክስቴ።

«ለእንግዳማ ሐይቅ ዳር ነው እንጂ!»

«ሐይቁን ላገባው ነው እንዴ?»

ሰውየው እየሳቁ በሐይቁ ዳር አዙረው ወሰዱን። የመጀመሪያው አልቤርጎ ጠጅ ቤት ላይ ተለጥፏል፤ አክስቴ አንሶላውን አሽትታ ወጣች። ሁለተኛው የወይዘሮ ዘይነባ ነው፤ የስልጤ ሴት ናት። አንሶላዋ ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል፤ ክፍሉ ሁለት ብር። እዚያው አደርን።

በማግስቱ

ጠዋት በእግራችን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወረድን። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲጎትቱ፣ አባ ኮዳ የሚሏቸው ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ቆመው ይጠብቃሉ። ትኩስ የዓሣ ሾርባ ጠጣን። እንዲህ ያለ ጠዋት ከዚያ በፊት አላየሁም።

«ውብ ነው» አለች አክስቴ። «ግን ዓሣ አይቀብረኝም።»

ስንመለስ ዘይነባ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። «እናቴ፣ ጎረቤት ሞቶብን ለቅሶ ልደርስ ነው። ቁልፉን እንኩ፤ እንግዳ ከመጣ ያስገቡልኝ።»

አክስቴ ቁልፉን አየችው። ገና አንድ ሌሊት ነው ያደርነው። «ዘመድሽ ናቸው?»

«የወላይታ ሰው ናቸው፤ ጴንጤ ናቸው። እኔ እስላም ነኝ። እድራችን ግን አንድ ነው።»

«በይ ዝጊው፤ እኛም እንደርሳለን።»

ድንኳኑ ውስጥ ማን ናችሁ ያለን የለም። ጠጋ ጠጋ ብለው አስቀመጡን፤ ንፍሮ ዘገኑልን። አንዲት ሴት አክስቴን «ቀዝቃዛ ነው፤ ምንጣፉ ላይ ይሁኑ» አለቻት። በዚህ መሀል አንድ ጎልማሳ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ገባ። ታደሰ! ለካ የእሱም እድር ነው። እናቱን ከለቀስተኛ መሀል ሲያይ ወንበሩ ከትከሻው ወደቀ።

«እማዬ! ማን ሞተብን?»

«ማንም አልሞተብንም። ከተማ እየመረጥኩ ነው።»

ለቀስተኛው ሁሉ ሳቁን ሊደብቅ አፉን በነጠላው ያዘ። ማታ ታደሰ ቤቱ ወስዶን «ልጅ እያለሽ አልቤርጎ? ሰው ምን ይለኛል!» እያለ ሲቆጣ፣ እሷ ግን እግሯን ዘርግታ ፈገግ ትላለች።

አዲስ አበባ በሰላም ገባን። እኔም ከዚያ ወዲህ ባዕድ ከተማ ስደርስ፣ ሕንፃውን ከማየቴ በፊት ሰዉ እንዴት እንደሚጠያየቅ አያለሁ።

አክስቴ ክረምቱ ሳይገባ የቀበሌ ቤቷን አስረክባ፣ አልጋዋን ጭነት መኪና ላይ ጭና አዋሳ ወረደች። ዕቃዋን ሳታራግፍ እድሩ ገባች።