የጭነት እምብርት

እርጥብ ጆንያ በሸተተኝ ቁጥር ያቺ ወደ ሞጣ የወጣንባት አይሱዙ ትታወሰኛለች። ያኔ ፊደል ያልቆጠርኩ፣ አፌ ከጉልበቴ የሚብስ የቢቸና ጫኝ ነበርኩ።

ጤፉ ግንደወይን ይወርዳል፣ የጥጥ ፍራሹ ሞጣ። ቀድሞ የሚወርደው ከላይ ይሁን ብዬ ፍራሹን ከታች፣ ጤፉን ከላይ ቆለልኩት። ብልጠት መስሎኝ ነበር። የጫኞች አለቃ የነበሩት ሽማግሌ መጥተው ቀና ብለው አዩት።

«አውርደው።»

«ግንደወይን ላይ ሁለት ጊዜ ልንለፋ?»

«ጭነት እምብርት አለው፤ አንተ ሰማይ ላይ ሰቀልከው። ጋቢና ውስጥ አራስ አለች። አውርደው አልኩህ!»

እየተራገምኩ ገለበጥኩት፤ ጤፉ ከታች፣ ፍራሹ ከላይ ሆነ።

ደብረ ወርቅን አለፍ እንዳልን ዝናብ ያራሰው የመንገዱ ጠርዝ ተናደ። የግራ ጎማዎቹ ሰመጡ፤ አይሱዙዋ ወደ ገደሉ ዘመመች፣ ዘመመችና ቆመች። ሞተሩ ሲጠፋ የወረደው ጸጥታ፣ የአራሷም «እመብርሃን!» ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ ናቸው።

ሁላችንም በቀኝ በኩል ወረድን። አለቃው ከዱላቸው ጫፍ ሲባጎ አሰሩ፣ ከሲባጎው ድንጋይ አንጠለጠሉ። ከመኪናው ኋላ መሃል ላይ ቆመው ዱላውን እንደ መኪናው አዘንብለው በጤፉ ልክ አነሱት። ድንጋዩ ከግራው ጎማ አንድ ጋት ወደ ውስጥ ገብቶ ረጋ።

«እምብርቱ ይኸው። ከጎማው አላለፈም፤ አትወድቅም።»

ከዚያ ዱላውን እንዳዘነበለ እስከ ፍራሹ ከፍ አደረጉት። «አንተ የሰቀልከው እዚህ ነበር።» ድንጋዩ ጎማውን አልፎ ገደሉ ላይ ተወዛወዘ።

ያን ሁሉ ኩንታል በአንድ ክር አሳዩኝ።

ጎልምሼ ማንበብ ስማር በልጄ የሳይንስ መጽሐፍ «የስበት ማዕከል» የሚል አገኘሁ፤ ሥዕሉም ክርና ድንጋይ ነው። ይህን ለሚያስተምሩ ዲግሪ ይሰጣቸዋል፤ ለእኚያ ሽማግሌ ጋቢ እንኳ ያለበሳቸው የለም። ላነብላቸው ብፈልግ ሞተዋል።

ያን ዕለት ግን እዚያው ገደሉ አፋፍ ላይ አራሷ ልጇን እንዳቀፈች ቀረበችና «ማነው እንዲህ አድርጎ የጫነው?» አለች።

አለቃው ሲባጎውን እየጠቀለሉ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «እሱ ነው።»

«ክፉ አይንካህ ወንድሜ፤ የወለድከውን ይባርክልህ» ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ።

ሽማግሌውን አየኋቸው፤ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረዋል። እውነቱን መናገር ነበረብኝ።

«አሜን» አልኩ።