የሰንጢዬ ማደሪያ

ሴት ልጅ ሰንጢ የት ትይዛለች? እስቲ መልሱልኝ። ወንዱ ኪስ አለው፤ ኪሱ ባይመቸው ቀበቶ አለው። የእኔ ጉርድ ኪስ የሚባል አያውቅም። ቀበቶ ባስር ደግሞ እናቴ "ምነው፣ ወታደር ቤት ገባሽ እንዴ?" ትለኛለች።

ሰንጢ የምይዘው ለክፋት አልነበረም። ከአርባ ምንጭ ከተማ ወረድ ብሎ ባለ የችግኝ ጣቢያ ማንጎ አዳቅል ነበር። የአገሩን ማንጎ ችግኝ አናቱን ትቆርጫለሽ፣ ከጥሩው ዛፍ ያመጣሽውን ቅርንጫፍ ጫፉን ታሾዪና ትሰኪበታለሽ፣ በላስቲክ ጥብቅ አድርገሽ ታስሪዋለሽ። ስለቱ ከደነዘ ሁለቱ አይገጥሙም፣ ችግኙም ይደርቃል። ስለዚህ ሰንጢዬን ፀጉር እስኪላጭ ድረስ ነበር የምስለው። ጣቢያ ትቼው ብሄድ አንዱ ሽንኩርት ሲከትፍበት ይውላል፤ ደርሶብኝ ስላየሁት ነው። ጠዋት ይዤው እወጣለሁ፣ ማታ ይዤው እገባለሁ።

መጀመሪያ ቦርሳዬ ውስጥ አደረግሁት። አንድ ቀን የሆነ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄጄ በር ላይ ያለው ፈታሽ ቦርሳዬን በረበረና ሰንጢውን ከፍ አድርጎ ለሰልፈኛው ሁሉ አሳየው። "እህቴ፣ ማንን ልትወጊልን ነው?" አለኝ። ሰልፉ በሳቅ ሞተ። ሙያዬን ላስረዳው ብል ማን ይስማኝ! ኩምሽሽ ብዬ ጉዳዬንም ሳልጨርስ ተመለስኩ።

ከዚያ የእናቴን ቁጣ ችዬ ሱሪ መልበስ ጀመርኩ። ሲቀላ በሚባለው የአርባ ምንጭ ሰፈር ባጃጅ ገና ብርቅ የነበረበት ጊዜ ነው፤ ከኋላ ተጠባብቀን ተቀምጠን ስንሄድ ሰንጢው ኪሴ ውስጥ ተከፍቶ ጭኔን ቸክሎ አደማኝ። ስወርድ አንዲት እናት እጄን ያዝ አደረጉና በሹክሹክታ "ልጄ፣ ነጠላሽን አገልድሚ፤ ቀሚስሽን ነክቶሻል" አሉኝ። ሱሪ መሆኑንም አላስተዋሉም፣ የኔ እናት። "አይ፣ ሰንጢ ነው" ልበላቸው? አገልድሜ ቤቴ ገባሁ። ካልሲ ውስጥም ሞክሬዋለሁ፤ አነከስኩ።

በመጨረሻ ሴት ሁሉ ሞባይሏን የምትሸጉጥበት ቦታ ሸጎጥኩት፤ ጡት መያዣዬ ውስጥ። አጥፌ፣ የማዳቀያ ላስቲክ ጠምጥሜበት፣ በግራ በኩል። ምን ልበላችሁ፣ ተመቸኝ! አይቆረቁር፣ አይታይ፣ ማን ደፍሮ ይፈትሸዋል? ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። ከተራራው ላይ፣ ኦቾሎ መንደር የሚኖረው አባቴ ሊጠይቀኝ ወርዶ አንድ ቀን ከዚያ ሳወጣው አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "አንቺ ልጅ፣ ለዚህ ነገር ደህና ቦታ ፈልጊለት" አለኝ። ሳቅሁበት።

አባቴ ሸማኔ ነው። ዝምተኛ፣ ግን ከተቆጣ አፉን የማይገታ። ከታናሽ ወንድሙ ጋር አያቴ ከተቀበሩ ወዲህ አይነጋገሩም ነበር። ጠቡ የተነሣው በእንሰት ጓሮ ድንበር ነው። ድንበሩ እንኳ በሽማግሌ ተፈታ፤ ያልተፈታው አባቴ በንዴት ወንድሙን ሰው ፊት "ሌባ" ማለቱ ነው። ጎረቤት ሆነው፣ አንዱ ሲያስል ሌላው እየሰማ፣ ሰላምታ የላቸውም። በኋላ አጎቴ ልጁን ሊድር ሲነሣ ሽማግሌዎች ገቡበት። የቤቱ ታላቅ ሳይመርቃት ሙሽራ አትወጣም ተባለ። አጎቴ ደግሞ "ሌባ ያለኝ ሰው ይቅርታ ሳይጠይቀኝ ልጄን አይመርቅም" አለ።

በእኛ ዘንድ ይቅርታ የሚጠየቀው ዱቡሻ በሚባለው የመንደሩ መሰብሰቢያ መስክ ላይ፣ እርጥብ ሣር ይዞ ተንበርክኮ ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ ሸማውን ትቶ ከሽመና ጉድጓዱ ወጣ። "ለታናሼ? አላደርገውም!" አለ። ለመኑት፣ ተቆጡት፣ ወይ ፍንክች። ብዙ ደጅ ተጠንቶ እሱ ቆሞ እኔ የበኩር ልጁ ሣሩን ይዤ እንድንበረከክለት ተስማሙ። አጎቴ ቅር እያለው እሺ አለ። የአጎቴ ልጅ ደውላ "እህቴ፣ ሠርጌ በአንቺ እጅ ነው" አለችኝ። እኔም አይዞሽ አልኳት።

ለዕርቅ ዱቡሻ የሚገባ ሰው ስለት አይዝም። ማጭድም ቢሆን፣ ቢላም ቢሆን መግቢያው ላይ ካለው ዛፍ ሥር ያስቀምጣል። ስለት ይዞ ሣር የዘረጋ ሰው በአፉ እየለመነ በልቡ ያደባ ነው ተብሎ ይታሰባል። ይህን ልጅ ሆኜም አውቀዋለሁ።

የዕርቁ ዕለት ጠዋት ጣቢያ ገብቼ የጀመርኳቸውን ችግኞች ጨረስኩ። ተጣጠብኩ፣ ደህና ቀሚስ ለበስኩ፣ መኪና ተሳፍሬ ወደ ኦቾሎ ወጣሁ። ቀሚሱን ቀየርኩ እንጂ የውስጡን ማን ቀየረው! ሰንጢው መኖሩን እስክረሳው ድረስ ተመችቶኝ ነበር። ዛፉ ሥር የቆሙት ሽማግሌ ወንዶቹን "ስለት አለህ?" እያሉ ጠየቁ። እኔን "እንደምን ዋልሽ ልጄ" ብለው አሳለፉኝ።

ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው ድንጋይ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሣሩን በሁለት እጄ ይዤ ወደ አጎቴ ሄድኩ። ጉልበቴን መሬት አስነክቼ፣ ሣሩን ዘርግቼ፣ አንገቴን ደፋሁ። ጎንበስ ስል ደረቴ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ሲንሸራተት ተሰማኝ። ሰንጢው ከአጎቴ እግር ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቋ! ብሎ ወደቀ። ላስቲኩ ወልቆ ስለቱ በግማሽ ወጥቷል።

ክው አልኩ። የአጎቴ ሚስት "ሰንጢ! ሰንጢ ይዘው መጡብን!" ብላ ጮኸች። አጎቴ ወደ ኋላ ሸሸ። ቢቆጣ በወደድኩ፤ ሰውዬው ደነገጠ። በልጅነቴ ትከሻው ላይ ተሸክሞኝ ወንዝ ያሻገረኝ አጎቴ እኔን ፈርቶ ሸሸ። ምነው ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! የሙሽራዋን ፊት ለማየት እንኳ ቀና ማለት አቃተኝ።

ከሽማግሌዎቹ ታላቁ "ይህ ስለት የማን ነው?" አሉ።

አፌን ከፈትኩ። የእኔ ነው፣ የሥራ ዕቃዬ ነው፣ ረስቼው ነው ልል። አባቴ ቀደመኝ።

"የእኔ ነው" አለ። "ዛፉ ሥር ማስቀመጡ አልዋጥልህ ብሎኝ ልጄን 'ያዥልኝ' ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ ምን ታድርግ፣ አባት ሲያዝ።"

ዱቡሻ ላይ መዋሸት ጎሜ ነው። ጎሜ የምንለው ሰው ያጠፋው ጥፋት ዞሮ በእህሉ፣ በከብቱ፣ በልጁ ላይ የሚመጣበትን ነው። ቤተ ክርስቲያን የምንሄድ ሰዎች ብንሆንም ጎሜን የማይፈራ አላውቅም። አባቴ ደግሞ ገበያ ወጥቶ የሸማውን እንከን ገዢው ሳያይበት ራሱ የሚያሳይ ሰው ነው። ቀና ብዬ አየሁት። ዝም በይ የሚል ዐይን ነበረው፤ እኔም ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይህ ዝምታዬ ነው።

"እንግዲያው" አሉ ሽማግሌው፣ "ሣሩ በልጅህ እጅ አይሆንም። ራስህ ያዘው።"

አባቴ መጥቶ ሣሩን ከእጄ ወሰደ። ዕድሜውን ሙሉ ሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ የኖረ ሰው ጉልበቱ እሺ አይለውም፤ አንድ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ፣ እያቃሰተ፣ አጠገቤ ተንበረከከ። ሰንጢው በመሐላችን እንደወደቀ ነው። "ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ። ሌባ አይደለህም" አለ በጋሞኛ። አጎቴ ሮጦ መጥቶ አነሣው። ሴቶቹ እልል አሉ። ሙሽራዋ ተመረቀች፤ ሠርጉም ሆነ።

ሁሉም ደስ ብሎት ሲበተን እኔ ሰው ማየት አፍሬ ነጠላዬን እስከ ዐይኔ ሸፍኜ ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ አለቀስኩ። "አባዬ፣ ዋሸህልኝ እኮ፤ ያውም ዱቡሻ ላይ" አልኩት።

"ከዋሸሁት ወንድሜን ሌባ ማለቴ ይብሳል" አለኝ። "አሁን ዝም በይ፤ ጉልበቴን አሞኛል።" ከዚያ ወዲህ የአባቴ ገብስ በውርጭ በተመታ ቁጥር፣ እሱን ባሳለው ቁጥር፣ ያ ሰንጢ ነው ትዝ የሚለኝ።

ክረምቱ ሲወጣ አባቴ ሲቀላ የተከራየሁት ቤት ድረስ መጣ። ከጉያው ጠቅልሎ የያዘውን ዘረጋው። መቀነት ነበር፤ ወፍራም ጥጥ፣ ጠበቅ ተደርጎ የተሸመነ። መሐሉ ላይ ሸማው ድርብ ሆኖ ኪስ ወጥቶለታል፤ ኪሱ ክዳን፣ ክዳኑም ማሰሪያ አለው። "ሰንጢሽን አምጪ" አለኝ። እሱ ራሱ ከትቶ አሰረው፤ ወገቤ ላይ አስታጠቀኝ። ልክክ አለ። ሳይወጋ፣ ሳይንሸራተት፣ ለሚያየኝ ሁሉ እየታየ። ዛሬም ለሥራ የምይዘው በዚያው ነው።

አባቴ አንድ እርምጃ ሸሽቶ አየኝና "ተንበርከኪ" አለ።

ሲሚንቶው ላይ ተንበረከክሁ።

"ጎንበስ በይ። ደህና አድርገሽ።"

ግንባሬ መሬት እስኪነካ ጎነበስኩ። ምንም አልወደቀም።

"በቃ" አለ እየሳቀ፣ ጉልበቱን እያሻሸ። "ከእንግዲህ እኔ አልንበረከክልሽም። ተነሺ።"

እሱ ሳቀ። እኔ ግን ቀና ብዬ ላየው አፍሬ፣ እዚያው እንደተንበረከክሁ ቆየሁ።