ጃርሶ ከሃያ ሚሊግራም ሲወርድ

ጃርሶ ቃል አይጥልም ይባል ነበር። ልደታ አካባቢ ባለ አንድ ፍርድ ቤት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ አፋን ኦሮሞ ሲያስተረጉም ኖሯል። «ጃርሶ ካለ ምስክሩ ሲያስነጥስም ይተረጎማል» እያሉ ጠበቆቹ ይቀልዱ ነበር። ስለዚህ በዚያ ማክሰኞ ጠዋት የሆነው ነገር ከማንም በላይ ያስደነገጠው ራሱን ነው።

ጉዳዩ ሰው የመግደል ክስ ነበር። ከሰበታ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ይመሰክራሉ። ዐቃቤ ሕጉ ተከሳሹ ሟችን ሲመታው አይተው እንደሆነ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ረጋ ብለው ሲመታው እንዳላዩ፣ እሳቸው የደረሱት ሰውየው ከወደቀ በኋላ እንደሆነ ተናገሩ። ጃርሶ ወደ ዳኛው ዞረና፣ «ሲመታው አይቻለሁ፤ ወድቆም ደርሻለሁ» አለ።

እንደ ዕድል ሆኖ የተከሳሹ ጠበቃ ቋንቋውን ያውቅ ነበር። ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ተቃወመ። ድምፁ ተቀድቶ ስለነበር ወዲያው እንዲሰማ ታዘዘ። ሽማግሌው «አላየሁም» ሲሉ ችሎቱ ሁሉ ሰማ። ተከሳሹ፣ ሃያ ሁለት ዓመት እንኳ የማይሞላው ወጣት፣ ጃርሶን አፍጥጦ ያየው ነበር።

በእረፍት ሰዓት ዳኛው ወደ ቢሯቸው አስጠሩት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«አቶ ጃርሶ፣ ጤናዎ ደህና ነው?»

«ደህና ነኝ፣ ክቡር ዳኛ። ትንሽ ደክሞኝ ነው።»

ደክሞት እንዳልሆነ ግን ያውቃል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በጅማ መንገድ ላይ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ተገልብጦ ታናሽ ወንድሙ በከር አጠገቡ ሞተ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞር አለ። የሰፈሩ ክሊኒክ ሐኪም ዲያዜፓም የሚባል ክኒን ለሦስት ሳምንት ብቻ ብሎ አዘዘለት። ሦስቱ ሳምንት ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ክሊኒኩ ሐኪም በለወጠ ቁጥር አዲሱ ሐኪም የፊተኛውን ወረቀት ያይና እንዳለ ይገለብጠዋል። አንዱ ለማታው የጠዋት ጨመረበት፤ ሌላው አምስት አምስቱን ሚሊግራም ዐሥር ዐሥር አደረገው፤ በቀን ሃያ ሆነ። ጃርሶ ተደብቆ የወሰደው አንድም ፍሬ የለም፤ ለእያንዳንዱ ማዘዣ አለው። ሆኖም ካለፈው ዓመት ወዲህ የሚያውቀው ቃል ከመጋረጃ ጀርባ እንደ ቆመ ሰው ይሆንበት ጀምሯል። ጥላው ይታየዋል፤ ፊቱ አይለይም።

ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ አንድ ጥያቄ አልለቀው አለ። ዛሬ ቋንቋውን የሚያውቅ ጠበቃ ነበር። ማንም በሌለባቸው ቀኖችስ?

ልደታ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤቱ እንደ ገባ የቀረውን ክኒን በሙሉ መጸዳጃ ቤት ጥሎ ውኃ ለቀቀበት። ባለቤቱ ነስሪን ተው እያለች ስትለምነው ኖራለችና «አልሐምዱሊላህ» አለች። ያደረገው ነገር ሕይወቱን ሊያሳጣው እንደሚችል ሁለቱም አላወቁም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰማው። በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ ጠፋ። በአምስተኛው ላብ ያጠምቀው፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የጎረቤት በር ሲዘጋ ጥይት የተተኮሰ ይመስለዋል። የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱን እንደ አሸዋ ይፈገፍገዋል። ከሥራ ቀረ። በሰባተኛው ቀን ነስሪን ብቻውን ትታው መሄድ ፈርታ ተክለ ሃይማኖት ወዳለው የጨርቅ ሱቋ ይዛው ሄደች፤ ጥግ ላይ ወንበር ሰጥታ አስቀመጠችው።

ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ ስትለካ ከኋላዋ እንግዳ ድምፅ ሰማች። ዞር ስትል ጃርሶ ከወንበሩ ወድቋል፤ ጥርሱ ገጥሟል፤ መላ አካላቱ ይንፈራገጣል። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ክብሪት ጭሮ ወደ አፍንጫው ሊያስጠጋ ሲል ነስሪን እጁን ገፋችው። ሌላው ማንኪያ አፉ ውስጥ እንክተት አለ፤ እሱንም ከለከለችው። ማን እንደ ነገራት አታውቅም፤ ብቻ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ጎን አጋደመችውና ታክሲ ጥሩልኝ አለች።

ሆስፒታል ውስጥ ያገኙት የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ዕፀገነት ነበረች፤ ቀጠን ያለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትናገር ሴት። ጃርሶ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው መቼ መውሰድ እንዳቆመ ነው። ነገራት።

«አቶ ጃርሶ፣ እርስዎ ቁልቁለት ላይ እያሉ ነው ፍሬኑን የነቀሉት» አለችው። «ዘጠኝ ዓመት የለመደውን አካል በአንድ ቀን መንጠቅ ይገድላል። ይህን መድኃኒት መተው ይቻላል፤ ግን በዝግታ ነው። ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አካልዎ ይነግረናል እንጂ እኔ አልቆርጥም።»

ሐሳቧን አስረዳቻቸው። መጀመሪያ ወደ ድሮው ሃያ ሚሊግራም ተመልሶ አንድ ወር ይረጋል። ከዚያ በየሦስት ሳምንቱ ሁለት ሁለት ይቀነሳል፤ ዐሥር ላይ ሲደርስ አንድ አንድ። ክኒኑን ነስሪን ትይዛለች፤ የሳምንቱን ብቻ ቆጥራ ትሰጠዋለች። መኪና አይነዳም፤ መሰላል አይወጣም። አረቄ ቢጠጣ ወይም ሌላ የእንቅልፍ ክኒን ቢደርብበት ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ሰውነቱ ከተንፈራገጠ፣ ነገር ከተምታታበት ወይም ራሱን ለመጉዳት ካሰበ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይመጣል። ጃርሶ የመጨረሻውን ሲሰማ እሱን የማይመለከተው መስሎት ራሱን ነቀነቀ።

ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ ለዳኛው ደብዳቤ ሊጽፍ እንደሆነ ለነስሪን ነገራት። ባለፈው ዓመት ያስተረጎማቸው ምስክርነቶች ድምፅ እንደገና እንዲሰማ ሊጠይቅ ነው። ነስሪን ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ማን ጠየቀህ? ሥራህን ያሳጡሃል። ቢከሱህስ?»

«ያ ልጅ ሊፈረድበት ነበር፣ ነስሪን። እኔ ከንፈሬን አንቀሳቅሼ።»

«እሱ ተርፏል።»

«የማላውቀው ሌላ ካለስ?»

ሁለት ቀን አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ቀን እሷው ራሷ እስኪርቢቶ አቀበለችው፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ እሱ እየነገራት ግማሹን የጻፈችው እሷ ናት።

መልሱ ሦስት ወር ፈጀ። እስከዚያው ስልክ በጮኸ ቁጥር ጃርሶ የልቡን ምት በጆሮው ይሰማዋል፤ ይህ ከፍርሃት ይሁን ከመድኃኒቱ መቀነስ መለየት አልቻለም። ዐሥራ ሁለት ሚሊግራም ላይ ሳለ ተጠራ። ሌሎች ሁለት አስተርጓሚዎች የአንድ ዓመቱን ቅጂ አዳምጠው ዘጠኝ ስሕተት አግኝተዋል። ስምንቱ የሚያሳስቡ አልነበሩም። ዘጠነኛው ግን በሁለት እኅትማማቾች የቤት ክርክር ላይ ነው፤ አንዲት ምስክር እናትየዋ ቤቱን ለታናሽየዋ «አውሳታለች» ያለችውን ጃርሶ «ሰጥታታለች» ብሎታል። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ተወሰነ። እሱ ደግሞ ከችሎት ተነሥቶ መዝገብ ቤት ፋይል እንዲለይ ተመደበ። አልከሰሱትም። ግን ኮሪደር ላይ ሲያልፍ አብሮት የሚቀልድ ጠበቃ አልነበረም።

ዘጠኝ ሚሊግራም ላይ ሲደርስ ሌላ ጣጣ መጣ። መድኃኒቱ ከከተማው ጠፋ። ክኒኑን የሚገዛበት መድኃኒት ቤት ባለሙያ በሱፍቃድ መደርደሪያውን ከፍቶ አሳየው፤ ባዶ ነው። ነስሪን እጅ ያለው የስድስት ቀን ብቻ ነበር። ጃርሶ ከጌጃ ሰፈር እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከሜክሲኮ እስከ መርካቶ በየፋርማሲው ዞረ። ማዘዣውን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁበታል። በአራተኛው ቀን መርካቶ ውስጥ አንድ ሰው ተከትሎት በላስቲክ የተቋጠረ ክኒን አሳየው። ጽሑፍ የለበትም፤ ማሸጊያ የለውም። ቀለሙና መጠኑ ግን ያው ነው።

ጃርሶ ላስቲኩን ተቀብሎ ቆመ። ሱቅ ውስጥ የወደቀበት ቀን መጣበት፤ ምላሱን ነክሶ ለሁለት ሳምንት ሾርባ ብቻ የጠጣበት። ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶታል። ይህ ግን ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ስንት ሚሊግራም ነው? ላስቲኩን ለሰውየው መልሶ ወደ ታክሲ ተራ ሄደ። ከዚያ ለሐኪሟ ደወለላት። እሷ ለሥራ ባልደረቦቿ ስትደውል ዋለች። በሱፍቃድም በበኩሉ ሲያጠያይቅ ሰነበተ፤ በማግሥቱ ቃሊቲ በኩል ካለ አንድ መድኃኒት ቤት የሃያ ቀን አገኘለት። ነስሪን ክኒኑን ስትቀበል አለቀሰች።

ሰው እየቀነሰ ሲሄድ የሚቀለው ይመስለዋል። ጃርሶም እንደዚያ ነበር የመሰለው። አራት ሚሊግራም ደርሶ ወደ ሦስት ሲወርድ ግን ከዚያ በፊት ያልደረሰበት ሁሉ ደረሰበት። ጆሮው ይጮኻል፤ እግሩ ላይ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለዋል፤ ለዘጠኝ ዓመት ያላለቀሰለት ወንድሙ በከር በቀን በጠራራ ፀሐይ ትዝ እያለው ፋይል ላይ ያለቅሳል። ነስሪን ወጡ ጨው አነሰው ብላ ስትስቅ ሰሃን ግድግዳ ላይ ወረወረ። በትዳራቸው እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም። ስብርባሪውን እየለቀመ ይቅርታ ሲላት እሷ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ማፈግፈጓን አየ፤ ከሁሉ ያ ጎዳው።

በማግሥቱ ከሰዓት ነስሪን ወጥ ቤት ሳለች በረንዳው ላይ ወጥቶ ቆመ። አምስተኛ ፎቅ ነው። ታች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ባቡሩ ወደ ልደታ ጣቢያ ይገባል። የብረቱን አጥር በሁለት እጁ ያዘና አንድ ሐሳብ መጣበት፤ ሁሉም በአንዴ ጸጥ ሊል ይችላል የሚል። ያስፈራው ሐሳቡ መምጣቱ አልነበረም። እንዳላስፈራው ማወቁ ነው ያስፈራው። የሐኪሟ ማስጠንቀቂያ ያኔ ትዝ አለው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከብረቱ አላቀቀና ወደ ውስጥ ገባ።

«ነስሪን፣ ሐሳቤ ጥሩ አይደለም። ብቻዬን አትተዪኝ።»

አልጠየቀችውም። ምድጃውን አጠፋች፣ የበረንዳውን በር ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች፣ ሻሿን አሰረችና ክንዱን ይዛው ወረደች። ሆስፒታል እስኪደርሱ እጁን አልለቀቀችም።

ዶክተር ዕፀገነት ሌላ ታካሚ ይዛ ነበር፤ ሲነግሯት ወዲያው አስገባቻቸው። ጃርሶ ሁሉንም ነገራት፤ ሰሃኑንም፣ በረንዳውንም። ዘጠኝ ወር የለፋበት ገደል ገባ ብሎ ነበር። እሷ ግን ወደ አራት ሚሊግራም መለሰችውና እዚያው ላይ ስድስት ሳምንት አቆየችው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነስሪን ወይም እኅቷ ሳሚያ ከአጠገቡ እንዳይለዩ፣ እሱም በየሦስት ቀኑ እንዲመጣ አደረገች።

«አንድ እርምጃ ተመለስን እንጂ አልወደቅንም» አለችው። «የቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ ከአሁን ወዲያ በግማሽ ሚሊ ነው የምንሄደው። ስለ ወንድምዎም እንነጋገራለን። ክኒኑ ያንን ነገር ሸፍኖት ነው የኖረው።»

ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው ስለ በከር ይነጋገሩ ጀመር፤ ስለ ሚኒባሱ፣ በከር በመስኮት በኩል ልቀመጥ እንዳለ፣ ጃርሶም ቦታውን ስለ መልቀቁ። ይህን ለነስሪንም ነግሯት አያውቅም ነበር። በቤት ውስጥ ደግሞ ነስሪን ባለ ሁለት ሚሊግራሙን ክኒን በምላጭ አራት ቦታ ትከፍለዋለች። አንዳንዱ ይፈረካከሳል፤ ፍርካሹን ለብቻው በወረቀት ትጠቀልላለች። ጃርሶ ጠዋት ጠዋት ከልደታ እስከ ተክለ ሃይማኖት ደርሶ መልስ በእግሩ ይሄዳል፤ ከቀትር በኋላ ሻይም ቡናም ትቷል። እንቅልፍ ያልመጣለት ቀን አልጋ ላይ አይታገልም፤ ተነሥቶ ይቀመጣል። ሐኪሟ የነገረችው ይህን ነው፤ ሁልጊዜ ይሠራል ማለት ግን አይደለም።

በዐሥራ ሰባተኛው ወር፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ የመጨረሻዋን ሩብ ዋጠ። ደስታ አልተሰማውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚመጣውን ሲጠብቅ ቆየ፤ ነስሪንም ከዓይኗ አላራቀችውም። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ አንድ ሁለት ቀን አላበው፤ ከዚያ በላይ አልሆነም።

አሁንም የሚተኛው አምስት ሰዓት ያህል ነው። ጆሮው አልፎ አልፎ ይጮኻል፤ ሐኪሟ ይህ ወራት ሊፈጅ ይችላል ብላዋለች። የሁለቱ እኅትማማቾች ክርክር ገና አላለቀም። ባለፈው ወር ወደ ችሎት ለመመለስ የአስተርጓሚነት ፈተናውን እንደ አዲስ ሰው ተቀመጠ፤ አጠገቡ የተቀመጡት ልጆቹ የሚሆኑ ነበሩ። የጽሑፉን አለፈ። በቃል ፈተናው ግን ዘገየህ ብለው ከሦስት ወር በኋላ ድገም አሉት። ለነስሪን ሲነግራት አዘነች። እሱ ግን አልተከፋም። የዘገየው ስለ እያንዳንዱ ቃል እርግጠኛ እስኪሆን ጠብቆ እንደ ሆነ ነገራት፤ ሌላ ጊዜም ቢሆን እንደሚጠብቅ።