ቢጫው ሰውዬና ልጁ

ባለፈው ሳምንት ኢምፔሪያል ጋ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ለውዝ ሻጭ ትኩስ ለውዝ በመጽሔት ቅዳጅ እንደ ቀንድ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ወረቀቱ ሲሞቅ የወጣው የቀለም ሽታ ገርጂ ወደነበረው የአባቴ ሱቅ ይዞኝ ነጎደ፣ ታክሲውም አመለጠኝ።

ያኔ፣ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ ገርጂ ገና ግማሽ ከተማ ግማሽ ገጠር ነበረች። ከሱቃችን ጀርባ የእነ እትዬ ጫልቱ የጤፍ ማሳ ነው፤ አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ በላያችን ሲያልፍ ላሞቻቸው ቀና እንኳ አይሉም፣ እኛ ግን ወሬያችንን አቋርጠን እስኪርቅ እንጠብቃለን። አባ ከወሎ የመጣ፣ ከንጋቱ የሱብሒ ሰላት በቀጥታ ሱቁን የሚከፍት፣ ስኳሩንም ጨውንም በወረቀት ጠቅልሎ የሚሸጥ ሰው ነበር። ወረቀቱን የሚያመጣልን አውሮፕላን የሚያጸዳ ጎረቤታችን ነው፤ መንገደኛ ትቶት የወረደው መጽሔት በገመድ ታስሮ ይመጣል፣ ስለዚህ የሰፈራችን ሰው ስኳሩን የሚወስደው በፈረንጅ ቆነጃጅት ተጠቅልሎ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ጀማል ያን የሥዕል ታሪክ ያገኘው ከእነዚህ መጽሔቶች መሃል ነው። ቢጫ ካባ የለበሰ፣ እየበረረ ከተማ የሚያድን ጉልበተኛ ሰውዬ አለ፤ ደግሞ ጉልበቱን የወረሰ ግን እንደ አባቱ መሆን ያልፈለገ ልጅ አለው። ሁለቱ ሲጣሉ ሕንጻ ይፈርሳል። የጀማል እንግሊዝኛ ከእኔ ብዙም አይሻልም፤ ቢሆንም ስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጦ ከራሱ እየጨመረ በአማርኛ ያነብልኛል። ቢጫው ሰውዬ ሰማይ ላይ ተንሳፍፎ ልጁን «እኔ በአንተ ዕድሜ ቤተሰብ አስተዳድር ነበር!» ሲለው በሳቅ እሞታለሁ፣ የአባ ቃል ነዋ። ልጁ የሚመልሰውን ሲያነብ ግን የጀማል ድምፅ ይቀየራል፣ እኔም ሳቄን እተዋለሁ።

ጀማል ሠዓሊ መሆን ነበር የሚፈልገው። ባገኘው ካርቶን ላይ ሁሉ ሰው ይሥላል፤ አባ ደግሞ ሰው መሣል ሐራም ነው ባይ ነው፣ «ነፍስ ልትዘራበት ነው?» ይለውና ካርቶኑን ገልብጦ ሳሙና ይደረድርበታል። አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ ሱቁን እንዲረከብ ቆርጦለታል። ጀማል ሥዕል ትምህርት ቤት ካልገባሁ ይላል፣ አባ አይሆንም ይላል፣ እማ የማን ወገን እንደሆነች ሳይታወቅ ሁለቱንም ትቆጣለች። እኔ ሁለቱንም እወድ ነበር።

ጀማል መጽሔቱን አባ ፈጽሞ አያገኘውም ብሎ ያሰበበት ቦታ ደበቀው፣ ከመጠቅለያው ወረቀት ክምር ሥር። አባ የሚያነሳው ከላይ ነው፣ ክምሩ ሳያልቅም ሌላ ይመጣል። የረመዳን ጊዜ ግን ስንቱ ሰው ስኳርና ቴምር እንደሚገዛ ጀማል አላሰበበትም።

አንድ ቀን ማፍጠሪያ ሲቃረብ ሱቁ በሰው ተጨናንቆ፣ እኔ እመዝናለሁ፣ አባ ይጠቀልላል። ክምሩ አለቀ፤ አባም ከሥር እጁ የገባውን እየቀደደ ቀጠለ። ጀማል ከውጭ ሲገባ ቢጫውን ሰውዬ እትዬ ጫልቱ እጅ ላይ፣ ስኳር ታቅፎ አየው።

«ምን አደረግህ አባ!» ብሎ ጮኸ።

አባ ነገሩ አልገባውም። «ለወረቀት ነው በሰው ፊት የምትጮህብኝ?»

«ወረቀት አይደለም! አንተ የእኔ የሆነ ነገር መቼ ታይቶህ ያውቃል? እዚህ ሱቅ ከምቆም በረንዳ ባድር ይሻለኛል!»

አባ በጥፊ መታው። ጀማል ጉንጩን ሳይነካ ወጣ፤ እማ ሾርባውን ከድና አስቀመጠችለት፣ አልመጣም። ከጊዜ በኋላ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ረዳት መሆኑን ሰማን።

በማግሥቱ አባ ሱቁን ለእኔ ትቶ ወጣ። የት እንደሄደ የነገሩኝ እትዬ ጫልቱ ናቸው። «አባትሽ መጥተው ያቺን የስኳር ወረቀት ጠየቁኝ እኮ፤ እኔ ደግሞ እሳት አያይዤባታለሁ። ምን ነበረባት ልጄ?» አሉኝ። የሰው ደጅ መርገጥ የማይወደው አባቴ እንዲያ ቤት ለቤት ዞሮ ያገኛቸውን ጥቂት ገጾች ስኳራቸው ሳይራገፍ ሰጠኝና «ለወንድምሽ ላኪለት። አባ ሰበሰባቸው እንዳትይ» አለኝ። ያለበትን ስንሰማ በዚያ መስመር ለሚነዳ አንድ ሾፌር ሰጥቼ ላክሁለት፤ ጀማልም በሰው አመሰገነኝ። የአባትና የልጁ ጠብ እንዴት እንዳለቀ የሚያሳየው ገጽ ግን አልተገኘም።

ጀማል ሾፌር ሆነ፣ እዚያው መስመር ላይ ሚሌ ከተማ ትዳር መሠረተ፣ ሥዕሉን ተወው። ሲደውልልኝ አባ አጠገቤ ይቆማል፤ ስልኩን አይቀበለኝም፣ «ምግብ በደንብ ይበላ እንደሆነ ጠይቂው» ይለኛል ወደ ውጭ እያየ። ጀማል ደግሞ የማንንም ስም ሳይጠራ «ደህና ነው?» ይለኛል። እኔ ከሁለቱ መሃል ሆኜ አረጀሁ።

አባ ያረፈው ጠዋት ነው። በእኛ ደንብ ቀብር ሰው አይጠብቅም፤ ከቀትር በኋላ ካለው የዓስር ሰላት ቀጥሎ ተቀበረ። ጀማል ቀኑን ሙሉ ነድቶ ሲደርስ ሰዉ ከመቃብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አጠገቤ ቁጭ አለና «ስለ እኔ ምንም ሳይል ሞተ?» አለኝ።

ያኔ ነገርኩት። እትዬ ጫልቱ ደጅ መቆሙን፣ ገጾቹን በኪሱ ይዞ መምጣቱን፣ እንዳልናገር ማዘዙን ሁሉ ነገርኩት።

«እኔ እኮ አንቺን ነው ያመሰገንኩት» አለ።

ምስጋናው የአባ ነበር፤ እኔ ጋ ቀረ።