የተሸካሚው ሰውነት

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው ስለመሆኑ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። በእኛ አካባቢ ሰው ብዙ ነገር አጥቷል፤ ቤቱን ያጣ አለ፣ ልጁን ያጣ አለ። እኔ ያጣሁት በአንድ ፊልም ውስጥ የነበረኝን ቦታና አንድ ጓደኛ ነው። አባቴ ፊት ቁጭ ብዬ ይህን እንደ ትልቅ ነገር ባወራ የሚያፍርብኝ ይመስለኛል። ቢሆንም እንደዚያ ጓደኛዬ ያመንኩት ሰው ስላልነበረኝ፣ የሆነውን እንደሆነው ለመጻፍ እሞክራለሁ።

የተወለድኩት ከግራና ወጣ ብሎ በሚገኝ ገጠር ነው። ወልድያ የመጣሁት ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሲሆን ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጓደኛዬ የመርሳ ልጅ ነው፤ አባቱ የጭነት መኪና ይጠግናሉ። ዶርም ውስጥ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች እንተኛ ነበር። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እሱ ክርስቲያን ነው፤ ይህን ለአገሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሁለታችንም የሀብሩ ወረዳ ልጆች መሆናችንን ባወቅንበት ቀን ሻንጣችንን ከአንድ አልጋ ሥር አስገባን፤ ከዚያ በኋላ ምሳም ቢሆን ለየብቻ በልተን አናውቅም።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ማብቂያ ላይ አንድ ዳይሬክተር ከአዲስ አበባ ወደ ድራማ ክበባችን መጡ። ፊልማቸው በበረሃ አድርገው ወደ ሳዑዲ ለመሄድ ስለወጡ ሁለት ጓደኛሞች ነበር። መንገድ ላይ አንደኛው ይደክማል፣ ሌላኛው አዝሎት ይመለሳል። ታሪኩ ይኸው ነው። ዳይሬክተሩ ብዙዎቻችንን አስነበቡን፣ አስሮጡን፣ የእህል ጆንያ አሸከሙን። በመጨረሻም ተሸካሚው እኔ እንድሆን፣ የሚታዘለው ደግሞ ጓደኛዬ እንዲሆን መረጡ። «ግን ሰውነታችሁ መዘጋጀት አለበት» አሉን። «እንዴት እንደሆነ ከመሄዴ በፊት እነግራችኋለሁ።»

እሳቸው ይህን በተናገሩበት ቀን እኔ አልነበርኩም። የእህቴ ኒካህ ስለነበር ግራና ሄጄ ነበር። ስመለስ ጓደኛዬን አልጋው ላይ አገኘሁት።

«ጋሼ ምን አሉ?» አልኩት።

«ሰው አዝሎ በረሃ የሚያቋርጥ ትከሻ ሊኖረው ይገባል አሉ። አንተ አሁን ስትታይ ጠቦት የምትሸከም ነው የምትመስለው። ደረት፣ ትከሻ፣ ክንድ። ወፍር ነው ያሉህ ባጭሩ።»

«አንተንስ?»

«እኔ ምን አለኝ፤ እኔ ጭነት ነኝ።»

ሳቅን። ለዳይሬክተሩ ደውዬ ለመጠየቅ አስቤ ነበር፤ ስልካቸው ነበረኝ። ግን ትልቅ ሰው አንዴ የተናገሩትን መልሶ መጠየቅ ንግግራቸውን መናቅ መሰለኝ። ደግሞስ በጓደኛዬ በኩል ተነግሮኛል፤ ሌላ ምን ቀረኝ?

ከመናኸሪያው ጀርባ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጂም አለ፤ ጓደኛዬም አብሮኝ ይሄድ ነበር። ብረቶቹ ግማሾቹ ከአሮጌ መኪና የወጡ ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ የተሞላ ሲሚንቶ ናቸው። አሠልጣኙ ቀድሞ አዲስ አበባ ተዋንያን ያሠለጥን ነበር፤ ስለ ፊልም ሰውነት የማውቀውን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው። መጀመሪያ እየተበላ ብረት ይነሳል፣ ጡንቻ ይሠራል፤ ቀጥሎ ምግቡ እየተቀነሰ ስቡ እንዲረግፍ ይደረጋል። ካሜራው ሊመጣ ሲል አንዳንዶቹ ጨው ይተዋሉ፣ ውኃም ይቀንሳሉ፤ ቆዳው ጡንቻው ላይ እንዲጣበቅ ነው። «እሱን እናንተ እንዳትሞክሩት፤ ሰው ይጥላል» ይለን ነበር። ፊልም ላይ የምናየው ሆድ የአንድ ቀን ሆድ እንደሆነ፣ ከቀረጻው ደቂቃዎች በፊት ፑሽአፕ እንደሚሠሩ፣ ዘይት እንደሚቀቡ፣ መብራቱም ከጎን እንደሚደረግ ሲነግረኝ ትንሽ አዘንኩ። በልጅነቴ ያየኋቸው ሁሉ እንደዚያው ሆነው የሚውሉ ይመስለኝ ነበር።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ተደራርበው ነበር። ሁለታችንም ጾመኛ ነበርን። እኔ ካፈጠርኩ በኋላ በሶዬን በጥብጬ፣ ቴምሬን በልቼ ወደ ጂም እሄድ ነበር። ዒድ ካለፈ በኋላ ግን እኔ ፈታሁ፣ እሱ ቀጠለ። ጠዋት የምበላውን የሚያስበው እሱ ነበር፤ እንቁላል ያስቀቅልልኛል፣ ወተት ያስመጣልኛል፣ ካፍቴሪያ ውስጥ የራሱን ምስር ወደ እኔ ሳህን ይገለብጣል። ጾመኛ ፊት እንቁላል መብላት ስለከበደኝ ዞር ብዬ ልበላ ስል ይይዘኛል።

«ብላ እንጂ። እኔን የሚያዝለኝ እኮ ያ ትከሻ ነው።»

እሱ ግን ዳቦውን እንኳ ግማሹን ይተወው ነበር። ጠዋት ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው መንገድ ይሮጣል፤ ከሰዓት ገመድ ይዘላል። አገጩ ሾለ፣ የአንገቱ ጅማት ወጣ። ከዒድ ወዲህ ደግሞ ልብሱን የሚቀይረው መታጠቢያ ቤት እየሄደ ሆነ። እኔ ጾሙ ነው አልኩ። የሰውን ጾም መመርመር ነውር እንደሆነ ተነግሮኝ ነው ያደግኩት፤ ለምን ከሳህ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም። እንዲያውም የክፍላችን ልጆች «ይሄ ልጅ ታሟል» ሲሉ የምቆጣቸው እኔ ነበርኩ።

ለፋሲካ መርሳ ይዞኝ ሄደ። እናቱ ለእኔ ብለው ለብቻ ዶሮ ገዝተው፣ ጎረቤታቸው በሆኑ ሼህ አሳርደው፣ በሌላ ድስት ሠርተው ጠበቁኝ። «ቢስሚላህ በል ልጄ፣ ያንተ ያው ነው፤ አልተነካካም» አሉኝ። እኔ በላሁ። ጓደኛዬ የራሱን ፊት ለፊቱ አድርጎ እንጀራውን ብቻ ይቆርሳል።

«ጾሙ እኮ ተፈታ» አሉት እናቱ።

«ሆዴን አሞኛል።»

«ወይ ሆድ! ከመቼ ወዲህ ነው ዶሮ የሚያምህ?» ከዚያም ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ንገረው እስቲ። ወንድሙም ሊሄድ ሰሞን እንዲህ ነበር የሚተወው።»

ታላቅ ወንድሙ በዚያው በበረሃው መንገድ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ከባሕሩ ወዲህ ይሁን ወዲያ የሚያውቅ የለም። ይህን አስቀድሜም ሰምቼ ነበር። እናቱ ስለሱ ሲናገሩ ሁልጊዜ «ሊሄድ ሰሞን» ይላሉ እንጂ ከዚያ አያልፉም። እኔም «አንቱ አይስጉ፣ እኔ አበላዋለሁ» አልኳቸው። ጓደኛዬ ቀና ብሎ አላየኝም።

ዳይሬክተሩ የተመለሱት ከዚያ ወዲህ ነው። መርሳ ዳር፣ ጠጠር በበዛበት ሜዳ ላይ ከካሜራ ባለሙያው ጋር ቆመው ጠበቁን። ሙቀቱ ከባድ ነበር። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ልብሴ ሁሉ ጠቦኝ ነበርና ልፋቴን እንዲያዩልኝ ቸኩያለሁ።

«ሸሚዝህን አውልቅ» አሉኝ።

አወለቅኩ። የካሜራ ባለሙያው ሳቀና «ይሄንንማ በረሃው ራሱ ይፈራዋል» አለ።

«ልጄ፣ ምን ነካህ?» አሉ ዳይሬክተሩ። «የተራበ ሰው ነው የምትሆነው። ሥጋ አይኑርህ፣ ጅማት ብቻ ይኑርህ አልኩ። ከእርሻ የመጣውን ሰውነትህን አድርቀው እንጂ አትጨምርበት ብዬ ነበር። አልነገረህም?»

ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። መሬት መሬት ያያል። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ እንቁላሉ፣ ሩጫው፣ ያልተበላው ዶሮ። አሁን ሲጠየቅ ሊዋረድ ነው ብዬ ግን አዘንኩለት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«ነግሮኛል» አልኩ። «እኔ ነኝ በደንብ ያልሰማሁት።»

ይህን ስል እሱ «አይደለም» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ለረጅም ጊዜ ባይሆንም ጠበቅኩ። እሱ ግን ማንም ሳይጠይቀው የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ጀመረ። የጎን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ትከሻው ላይ ያለው ጡንቻ እንደ ተፈተለ ገመድ ተገምዷል። አሠልጣኙ የነገረንን ሁሉ በሥርዓት ሠርቶታል። ዳይሬክተሩ ዞረው ዞረው አዩትና «ተሸካሚው ይሄ ነው» አሉ። ለሚታዘለው ሌላ ልጅ እንደሚፈልጉ ነገሩን። ለእኔም ደግ ሰው ናቸውና ቦታ አላጡልኝም፤ በፊልሙ ውስጥ ሰው የሚያሻግረው ደላላ ጠባቂ ሆኜ ስደተኞቹን እንድደበድብ ጠየቁኝ። እሺ አልኩ። ትልቅ ሰው ሲጠይቀኝ እምቢ ማለት አልችልበትም።

ወደ ወልድያ የሚመለስ ሚኒባስ ስንጠብቅ ብቻችንን ሆንን።

«ብትጠይቀኝ እለቅልህ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ከሰጠኸኝማ ያንተ ሆኖ ይቀራል። በዚያ መንገድ የሄደው የእኔ ወንድም ነው። ያንተ ማን ሄደ? አንተን ገና እንዳዩህ መረጡህ። እኔን ያዩኝ የምታዘል አድርገው ነው።»

«ጾምህንስ? እሱም ለዚህ ነበር?»

ሚኒባሱ ሲመጣ ቀድሞኝ ገባ። ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ ይኼ የጾሙ ነገር ነው። ቦታውን መውሰዱን ምናልባት በጊዜ ብዛት እረሳው ነበር። ያከበርኩለትን ነገር መሸፈኛ ማድረጉ ግን ከውስጤ አልወጣ አለ። የወንድሙን ነገር ሳስብ አዝንለታለሁ፤ የምስሩን ሳህን ሳስብ ደግሞ ያ ሐዘኔ ይጠፋል።

ቀረጻው የተደረገው በግንቦት ነበር። የእኔ ሥራ ከአንድ ቀን አላለፈም። ጓደኛዬን በአንገቱ ይዤ ጠጠሩ ላይ ልጥለው ነበር የታዘዝኩት። ስይዘው ቀላል ነበር፤ የሚያስፈራ ቅለት። ጣልኩት፤ ዳይሬክተሩ ድገሙት አሉ፤ ደግሜ ጣልኩት። ላነሳው ጎንበስ ስል በእኛ በሙስሊሞቹ ቋንቋ «አፉ በለኝ» አለኝ፣ ይቅር በለኝ ማለቱ ነው፣ በዝግታ፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ።

ይህ ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «አፉ ብያለሁ» ይባላል። እናቴ ገበያ ላይ ለማታውቀው ሰው እንኳ ትለዋለች። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ነገር ግን የምለው እሱን ደስ ለማሰኘት እንጂ ከልቤ እንዳልሆነ አወቅኩ፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። እጁን ይዤ አስነሳሁት፣ አቧራውን ከጀርባው አራገፍኩለት፣ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ዳይሬክተሩ ሲጨርሱ «ጎበዝ፣ እውነተኛ ጥላቻ ነው ያየሁት» አሉኝ። አመሰገንኳቸው።

ከዚያ በኋላ እስከ አጋማሽ ፈተናው ድረስ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች ተኛን። ሰላምታ እንሰጣጥ ነበር። የቁርሱን ሰዓት እሱ አስቀደመ፣ እኔ አዘገየሁ። አንድ ጊዜ ከላይ ሆኖ «ነቅተሃል?» ሲለኝ ሰምቼ እንደተኛ ሰው ሆንኩ። ፈተናው ሲያልቅ ሌላ ብሎክ ውስጥ ባዶ አልጋ እንዳለ አጣርቼ ለዶርም ኃላፊዋ ለመንኩ፤ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ ሙቀት በዛብኝ አልኳት። ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ሳወጣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ መንገድ ለቀቀልኝ። ሰኔ ሦስት ቀን ነበር።