ከአስፋልቱ በላይ ያለው የእንድሪስ መንገድ

ቅዳሜ ጠዋት 12፡30 ላይ ብስክሌቴን ይዤ ከኮምቦልቻ የተነሣሁት ለሽርሽር አልነበረም። በማስተምርበት ትምህርት ቤት አሥራ አንድ አባላት ያሉት የብስክሌት ክበብ አለን። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ክበቡ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ወደ ደሴ በሚወጣው አስፋልት ላይ ሳለን የአንድ ጭነት መኪና መስታወት የተማሪዬን የሐያትን ክርን ገጭቶ አለፈ። ክርኗ ድኗል። ርዕሰ መምህራችን ወይዘሮ አስናቀች ግን በዚያው ሳምንት ብስክሌቶቹን መጋዘን አስገብተው ቁልፉን መሳቢያቸው ውስጥ አኖሩት።

በዚህ ወር እንደገና ቢሯቸው ገባሁ።

“መኪና የማያልፍበት መንገድ ባገኝስ?” አልኳቸው።

“የት? ሰማይ ላይ?”

“ከአስፋልቱ በላይ፣ በገጠሩ በኩል።”

መነጽራቸውን አወለቁ። “እሺ። አስፋልት ሳትረግጥ ከዚህ ደሴ ግባ። ደግሞም ሳትወርድ! መምህሩ ዳገቱ አቅቶት ብስክሌት የሚገፋ ከሆነ፣ ልጆቹ ሲደክማቸው አስፋልቱን ፍለጋ መውረዳቸው አይቀርም። ሰኞ መጥተህ እውነቱን ትነግረኛለህ። ካልሆነልህ ብስክሌቶቹ ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣሉ።”

እንግዲህ ጉዞዬ የአሥራ አንድ ልጆች ጉዳይ ነበር። ሁለት ሊትር ውሃ፣ መንፊያ፣ አንድ መለዋወጫ የጎማ ላስቲክ፣ ማጣበቂያና ማስታወሻ ደብተር ያዝኩ። ከከተማው ጫፍ አራት ሙዝ በአርባ ብር ገዛሁ። ሻጯ እኔንና ብስክሌቱን እያፈራረቀች አየች።

“መምህር፣ በዚህ ነገር ደሴ? ሚኒባስ ሞልቶ!”

“መንገድ ፍለጋ ነው የምወጣው።”

“ውይ! መንገዱ መች ጠፋና?”

ከጠዋቱ 1፡15

አስፋልቱን ሳልረግጥ በግራዬ ትቼ በቁልቋል አጥር መካከል ወደሚገባው የእግር መንገድ ታጠፍኩ። የጥቅምት ፀሐይ ገና አልጠነከረችም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ራሱን ደፍቷል፤ ወፍ ጠባቂዎች ከማማቸው ላይ ሆነው ወንጭፍ ያጮሃሉ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የመኪናው ጩኸት ከኋላዬ ጠፋና የሰንሰለቴ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ብስክሌት ነድቶ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። ዳገት የሚሸነፈው በጉልበት ሳይሆን በማርሽ ነው። ቀላሉ ማርሽ ሲገባ እግር ቶሎ ቶሎ ይዞራል፤ ብስክሌቱ ግን የኤሊ ያህል ብቻ ይሄዳል። የሚከብደው ትዕግሥቱ ነው። እግሩን አንዴ መሬት ያስነካ ሰው ዳገት መሐል እንደገና ለመነሣት ይቸገራል። ስለዚህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ምንም ቢመጣ አልወርድም።

2፡40

በዚህ ሕግ የተሳሳትኩት ከአንዲት ትንሽ መንደር ስደርስ ነው። መንገዱ አንድ ቤት ደጃፍ ሥር ያልፋል። ደጃፉ ላይ ዳስ ተጥሏል፤ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ለቅሶ መሆኑ ገብቶኛል። የወሎ ልጅ ነኝና ባለ በቅሎ ለቅሶ ቤት ደጅ ሲደርስ ወርዶ፣ በቅሎውን ስቦ እንደሚያልፍም አውቃለሁ። ግን የዳገቱ ወገብ ላይ ነበርኩ። ደግሞ ይህ የበቅሎ ወግ እንጂ የብስክሌት አይደለም ብዬ ራሴን አታለልኩ። መንገዱ ላይ የቆሙ ፍየሎች ገለል እንዲሉልኝ ደወሌን አቃጨልኩና “እንደምን አደራችሁ!” ብዬ አለፍኩ።

ሃያውም ዞረው ብስክሌቱን አዩ።

ከመንደሩ ትንሽ እንደወጣሁ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። የግራው ሰፊና የተደላደለ፣ የቀኙ ጠባብና ድንጋያማ ነበር። ወደ ግራ ታጠፍኩ።

3፡35

የተደላደለው መንገድ ገደል አፍ ላይ አለቀ። ክረምቱ ተራራውን ንዶ መንገዱን እንደ ቢላዋ ቆርጦታል። ወረድኩ፤ መውረድ ግድ ነበር። ከታች፣ ሩቅ፣ ጭነት መኪኖች በአስፋልቱ ጥምዝ ላይ እያቃሰቱ ሲወጡ ይታያሉ። አንዲት ቀጭን የእግር መንገድ ወደዚያ ትወርዳለች። በእርሷ ብወርድ ከቀትር በፊት ደሴ ነኝ፤ ማንም አያየኝም። ነገር ግን ሰኞ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ልጆቹንም በዚያ አላሳልፍም። ብስክሌቴን አዞርኩ። የሚያሳፍረኝ መመለሱ አልነበረም፤ በዚያ ደጅ እንደገና ማለፉ ነበር።

4፡20

በዚህኛው ጊዜ ገና ዳሱ ሲታየኝ ወርጄ ብስክሌቱን ግንድ ላይ አስደገፍኩ።

“አላህ ያጽናችሁ” አልኩ።

“አሚን። ተቀመጥ” አሉኝ አንድ ጺማቸው የሸበተ ሽማግሌ። ጋሽ ሙሄ ይባላሉ፤ የሟቹ ጎረቤት ናቸው። ሰሌኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

“ጠዋት ያለፍከው አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ። አፉ በሉኝ” አልኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ።

“ደግሞ ከነቃጭልህ! እኛማ ሰርገኛ መጣ ብለን ነበር።”

ጥቂቶቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

“በቅሎ ብትሆን እወርድ ነበር፣ ጋሼ” አልኩ ጥፋቴን ለማቅለል።

“ኮርቻ አላት?”

“አላት።”

“ኮርቻ ካላት በቅሎ ናት። አለቀ።”

ከአጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ጣልቃ ገባ። “ወደ ግራ ስትታጠፍ አይተንሃል። ኧረ ወደ ናዳው ነው የሚሄደው፣ ልጥራው እንዴ አልኩ።”

“ከለቅሶ ላይ ተነሥቶ፣ ላልቆመ ሰው ማን ይጮሃል አልኩት” አሉ ጋሽ ሙሄ። ከዚያ ድምፃቸው ለዘብ አለ። “ለመሆኑ በዚህ ዳገት ምን ትፈልጋለህ፣ ልጄ?”

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሐያትን ክርን፣ መጋዘኑን፣ የርዕሰ መምህሯን ቃል። እየሰሙኝ ወደ ቤቱ በር ተመለከቱ።

“የምትፈልገው የእንድሪስን መንገድ ነው። እንድሪስ ማለት ይኸው የተቀመጥንለት ሰው ነው፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ። በጉብዝናው ከኮምቦልቻ ደሴ በአራት በቅሎ ይጭን ነበር። መኪናው ሲበዛ ጭነቱን ተወ፤ መንገዱን ግን አልተወም። ክረምት በወጣ ቁጥር የተነቀለውን ድንጋይ መልሶ ይደረድራል፣ ቦዩን ይጠርጋል።”

“ለማን ብለው?”

“እኛም ጠይቀነው ነበር። ‘የሚያልፍ አይጠፋም’ ይል ነበር።”

የእንድሪስ ልጅ ዘይነባ አንድ ሰሃን ንፍሮ ይዛ መጣች። ዓይኗ አብጧል። “አባቴ ዘንድሮ ታሞ አልወጣም” አለችኝ። “ከላይ ቦዩ ተደፍኖ ውሃው መንገዱን እየበላው ነው። ተጠንቀቅ፣ ወንድሜ። ከመንታው ወደ ቀኝ ነው።”

ንፍሮውን ዘግኜ በላሁ፤ ሌሎች ለቀስተኞች መጥተው እስኪቀመጡ ድረስም ቆየሁ። ስነሣ ጋሽ ሙሄ “አብሽር፣ ትወጣዋለህ” አሉኝ። ብስክሌቱን እየሳብኩ መንደሩን ከለቀቅሁ በኋላ ነው የወጣሁበት።

5፡30

በቀኝ ያለው ድንጋያማ መንገድ ከሩቅ ሲያዩት ያስፈራል። ሲገቡበት ግን ድንጋዩ ዝም ብሎ የተበተነ አይደለም። ጠፍጣፋው ወደ ላይ ሆኖ፣ እርስ በርሱ ተያይዞ ተደርድሯል። ዳገቱ በጠነከረ ቁጥር መንገዱ ይጠማዘዛል፤ የተጫነች በቅሎ የምትችለውን ዳገት ብስክሌትም ይችለዋል። ማሽላው ቀርቶ የጤፍ ማሳ፣ ቀጥሎም ገብስ መጣ። አየሩ ቀዘቀዘ። ከወደኋላዬ ኮምቦልቻ ከነቆርቆሮዋ ከሸለቆው ግርጌ ታብለጨልጫለች። አንድም መኪና አላየሁም፤ ያገኘሁት ጤፍ የተጫኑ ሁለት አህዮችና ከገበያ የሚመለሱ ሦስት ሴቶች ነው። ለሴቶቹ ልወርድ ስል አንዷ “ተወው፣ ተወው! ወላሂ ከወረድክ አትነሣም!” ብላ አሳቀችኝ።

የተደፈነው ቦይ ጋ ስደርስ ዘይነባ ያለችው ሆኖ አገኘሁት። ውሃ መንገዱን አቋርጦ ጭቃ አድርጎታል፤ ሁለት ክንድ ያህል ንጣፍም ወስዷል። የመጨረሻውን ቀላል ማርሽ አስገብቼ ክብደቴን ወደ ፊት ጣልኩ። የኋላው ጎማ ተንሸራተተ፣ እንደገና ያዘ፣ እንደገና ተንሸራተተ። ጥርሴን ነክሼ አንድ ዙር፣ አንድ ዙር እያልኩ ወጣሁት። ከጭቃው ማዶ ጎማዬ ደረቅ ድንጋይ ሲነካ ብቻዬን በደስታ ጮህኩ።

ከቀኑ 7፡50

በባሕር ዛፉ መካከል የደሴ ቆርቆሮ ጣራዎች ብቅ አሉ። መንገዱ በአንድ የድንጋይ አጥር ጥግ ከተማው ውስጥ ይገባል፤ አስፋልት የሚጀምረው ከዚያ ሃምሳ እርምጃ ርቆ ነው። አልረገጥኩትም። ባጃጅ ከቆመበት ደጅ አንዲት ሴት ሳምቡሳ ትጠብሳለች፤ ሦስት በስልሳ ብር ገዝቼ ቆሜ በላሁና ወደ መጣሁበት ዞርኩ።

ስመለስ ቦዩ ጋ ወረድኩ። አካፋ ስላልነበረኝ በእጄና በጠፍጣፋ ድንጋይ ጭቃውን ዛቅሁ። ግማሽ ሰዓት ሠርቼ ያጸዳሁት የአንድ ክንድ ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ብቻውን እንዴት እንደቻለው ገረመኝ። በእንድሪስ ደጅ ብስክሌቴን እየሳብኩ አለፍኩ። ጋሽ ሙሄ ጭቃ የለበሰ እጄን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤቴ የገባሁት 11፡30 ነው።

ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ

“አስፋልት ረገጥክ?” አሉኝ ወይዘሮ አስናቀች።

“አልረገጥኩም።”

“ስንት ጊዜ ወረድክ?”

“ስወጣ ሁለት ጊዜ። አንዱ መንገድ ስቼ ገደል አፍ ላይ፣ ሁለተኛው ለቅሶ ቤት ደጅ። ዳገት አቅቶኝ አልወረድኩም።”

“በለቅሶ ቤት ደጅማ ኮርቻ ላይ ተቀምጠህ ብታልፍ ነበር ልጅ የማልሰጥህ።”

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ቁልፉ በእጃቸው ነው። “አልፌ ነበር” አልኩ። “መጀመሪያ ላይ ደወል እያቃጨልኩ ነው ያለፍኩት። መንገዱን የሳትኩትም በዚሁ ነው። ከገደሉ ስመለስ ነው የወረድኩት።”

ወንበር አመለከቱኝ። ከዚያ ስለ እንድሪስ፣ ስለ ድንጋዩና ስለ ቦዩ ጠየቁኝ፤ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። ለተማሪዎቼ ቀጥታ የሆነ መንገድ አጭር ነው እያልኩ አስተምራለሁ። ይህ መንገድ የተገኘው ግን ወርጄ በተቀመጥኩበት ቦታ መሆኑን ስነግራቸው ፈገግ አሉ።

መሳቢያቸውን ከፍተው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

“ቅዳሜ ውሰዳቸው” አሉኝ። “ከጽዳት ክፍሉ ሁለት አካፋ ይዛችሁ ሂዱ።”

ደብተሬን አውጥቼ ‘ምንም ቢመጣ አልወርድም’ የሚለውን ሕጌን ሰረዝኩና በቦታው ለክበቡ አዲስ ሕግ ጻፍኩ፤ በእንድሪስ ደጅ ሁላችንም ወርደን እንስባለን።